ድምፅ የለውም ብዬ የጻፍሁት ደወል

ሰኞ

«እንደ አዲስ» ብላ ጽፋለች! የኃይሉ የብስክሌት ዕቃዎች፣ እንደ አዲስ! ማርታ ልጄ ብትሆንም በቴሌግራም ላይ ሳነበው አፈርሁ። ሟቹ ባለቤቴ ስንት ዓመት የተቀመጠበት ኮርቻ እንዴት እንደ አዲስ ይሆናል?

«እማዬ፣ ሁሉም ሰው እንደዚህ ነው የሚጽፈው» አለችኝ።

«ሁሉም ሰው ይዋሻል ማለትሽ ነው?»

«በይ አንቺ ጻፊው። ማን እንደሚገዛሽ እናያለን።»

እጽፈዋለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ይህን የቦሌ ቤት ለቅቄ ጎሮ፣ እርሷ ዘንድ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ እገባለሁ። ዕቃዎቹ ላሉበት ሣጥን እዚያ ቦታ የለም። የብስክሌቱን ዋና ብረት ዝገት በልቶት ድሮ ተጥሏል። የቀረው ኃይሉ ፈታትቶ፣ ዘይት ቀብቶ፣ በጋዜጣ የጠቀለለው ነው። ይሸጥ። ግን በእውነት ይሸጥ።

ማክሰኞ

ሣጥኑን በረንዳ ላይ አወጣሁ። በአዳሪ ትምህርት ቤት የሳይንስ መምህራችን «ያላየሽውን አትጻፊ» እያሉ ጣታችንን በማስመሪያ ይመቱን ነበር። በመነጽር እያየሁ ጻፍሁ።

ኮርቻ፦ ቆዳው በግራ በኩል አንድ ጣት ያህል ተሰንጥቋል። ወደ ግራ ያጋደለ ነው። (ኃይሉን ቀኝ ዳሌውን ያመው ነበር። ይህን ለገዢ አልጻፍሁም።)

ፔዳል፦ ሁለት። የቀኙ በደንብ ይዞራል። የግራው ይንገጫገጫል፤ ላስቲኩም አልቋል።

መሪ፦ አልተጣመመም። ሁለት ቦታ ተልጧል። የእጅ መያዣው ላስቲክ የጣት ቅርጽ ይዟል።

ዲናሞ፦ ስላልሞከርሁት መብራት መስጠቱን አላውቅም።

ደወል፦ ድምፅ የለውም። ተበላሽቷል።

በመያዣው ላስቲክ ላይ ጣቶቼን አኖርሁ። አልገጠሙም። የእርሱ ረጃጅሞች ነበሩ።

ረቡዕ

ማርታ ፎቶ ስታነሣ ስንጥቁን ወደ ጥላው ታዞርብኛለች። እኔ ወደ ፀሐይ እመልሰዋለሁ። እንዲህ ስንታገል ረፈደ፤ በመጨረሻ እኔ እንደ ጻፍሁት ቴሌግራም ላይ ወጣ።

አንዱ ደውሎ «ይሄን ሁሉ ጉድለት የሚጽፍ ሰው የምር መሸጥ ይፈልጋል?» ብሎ ሳቀ። ማርታ ቀና ብላ አየችኝ።

ከሰዓት በኋላ ሌላ ሰው ደወለ። አቶ ሰይድ ይባላል፤ የኮምቦልቻ ሰው ነው፣ እዚህ ታክሲ ይነዳል። የአባቱን ብስክሌት መልሶ እየገጣጠመ ነው።

«እማማ፣ እንደ አዲስ ነው እያሉ የሸጡልኝን ጉድ ቢያዩ! ወላሂ፣ ስንጥቁን አስቀድመው የነገሩኝ እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ሁሉንም ይወስዳል። ደወሉንም። የአባቱ ደወል ጠፍቶበታል፤ «ባይጮህም ቦታው ባዶ ከሚሆን» አለ። ቃሌን ሰጠሁት።

ማርታን ቀና ብዬ አየኋት። ስልኳን አስቀምጣ ሳህኖቹን መሰብሰብ ጀመረች። እኔ ግን ደወሉን ወደ ሣጥኑ አልመለስሁትም።

ሐሙስ

ሳህኖች በካርቶን ገቡ። መጋረጃው ወረደ። ደወሉን የሹራቤ ኪስ ውስጥ ይዤው ዋልሁ።

እንደ ተጋባን ሰሞን ኃይሉ ከቢሮ ሲመለስ መታጠፊያው ላይ ሁለት ጊዜ ይደውል ነበር። ሁለት ጊዜ፣ ሁልጊዜ። የበሩን መቀርቀሪያ ከፍቼ እጠብቀዋለሁ፤ ሳይወርድ ይገባል። ማርታ ከተወለደች በኋላ ደወሉ ቀረ። ተበላሽቷል ብዬ ደመደምሁ። አልጠየቅሁትም። ከዚያ ወዲህ ከቢሮ መምጣቱን የማውቀው በሩ ሲንኳኳ ነበር፣ እንደ ማንኛውም እንግዳ።

አሁን ማንኳኳቱም ናፈቀኝ።

ቅዳሜ

አቶ ሰይድ መጣ። ጢሙ ሽበት የጣለበት፣ የተረጋጋ ሰው ነው። ወረቀቴን ጮክ ብሎ እያነበበ ዕቃውን አንድ በአንድ አገላበጠ። «ትክክል። ትክክል። እማማ፣ እርስዎ ዳኛ መሆን ነበረብዎ።»

ደወሉ ላይ ሲደርስ ቆም አለ። ጆሮው ሥር ነቀነቀው። «ይሄ እኮ አልተበላሸም» አለና ክዳኑን በጣቱ አዙሮ ከፈተው። ከውስጡ የተጠቀጠቀ ጨርቅ ወጣ።

ሳይዘረጋው አወቅሁት። ቢጫውን ጠርዝ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ከማርታ የሕፃንነት መታቀፊያ የተቀደደ ነው።

አንድ ማታ፣ ልጅቷ ስታለቅስ ቆይታ ገና እንደ ተኛች ደወሉን ሲደውል፣ «ቀሰቀስክብኝ!» ብዬ ጮኼበት ነበር። ኋላም ረሳሁት።

ልጅቷ ካደገች በኋላ ለምን አላወጣውም? ረስቶት ይሆን? ወይስ ደውል እስክለው ጠብቆ? ማንን ልጠይቅ?

ብዕር አንሥቼ «ተበላሽቷል» የሚለውን ሰረዝሁ። «ይሠራል» ብዬ ጻፍሁ። ከወረቀቱ ሁሉ ሳላይ የጻፍሁት ያን «ተበላሽቷል» ብቻ ነበር።

«እማማ፣ አብሽሩ። ደወሉ ለእርስዎ ይቅር፤ እኔ ሌላ እፈልጋለሁ።»

«ቃሌን ሰጥቼሃለሁ። ብስክሌት ላይ ይሁን እንጂ መሳቢያ ውስጥ ምን ያደርጋል?»

ማርታ ጨርቁን በጣቷ ታሻሽ ነበር። «የእኔ ነው?» አለች።

«ያንቺ ነው።»

አቶ ሰይድ ሣጥኑን ተሸክሞ፣ ደወሉን በእጁ ይዞ ወጣ። መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ለሙከራ ይመስለኛል፣ ደወለው። ጥርት ያለ ነው፤ ምንም አላረጀም።

አንድ ጊዜ ብቻ ነው የደወለው። እኔ መቀርቀሪያውን እንደያዝሁ ሁለተኛውን ጠበቅሁ።