ዋስ በሌለበት አገር

ቡርንስቪል፣ ሚኔሶታ
ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፺ ዓ.ም.

ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ ለወይዘሮ አስካለማርያም፤
ደሴ

የእግዚአብሔር ሰላም ከነጎረቤትሽ ይድረስሽ። በመስከረም የጻፍሽው ደብዳቤ ከእጄ ከገባ አርባ ቀን አልፎታል፤ መልሱን ያዘገየሁትም ከመርሳት የተነሣ ሳይሆን፣ የምሥራች ጨምሬበት ልልክልሽ አስቤ፣ ዛሬ ይደርሳል ነገ ይደርሳል እያልሁ ስጠባበቅ፣ በመጨረሻ የደረሰው ሌላ ነገር ስለ ሆነ ነው። ለመስቀል ደውዬ ቤት ልንገዛ ነው ብዬ በነገርሁሽ ጊዜ እልልታሽ ከመነጋገሪያው አልፎ ባለቤቴን ለተኪሮስን ከወጥ ቤት አስወጥቷት ነበርና፣ ያን እልልታ ባዶ ማድረጉ ከብዶኛል፤ ቤቱ ግን አልሆነም።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳሽ። የምንኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ መሆኑን፣ ሕንጻውም አሳንሰር እንደሌለው ታውቂያለሽ። ለተኪሮስ በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ በሽተኛ ስታነሣና ስታስተኛ ዐሥራ አንድ ዓመት የደከመችበት ጉልበቷ ከአምና ወዲህ ፈጽሞ ስለ ከዳት፣ ሐኪሙም ደረጃ እንዳትወጣ ስላዘዘ፣ ደጅ የምትረግጠው ለሕክምናና ለቅዳሴ ብቻ ሆኗል፤ ስትመለስም በየዐሥሩ ደረጃ እያረፈች፣ ጎረቤት ሲያልፍ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ የምታጠብቅ እየመሰለች ትወጣለች።

በዚህ መካከል፣ ስኔሊንግ አቨኒው ላይ ቢሮ ከፍቶ ቤት የሚያሻሽጥ ኪዳኔ የሚባል ያገራችን ሰው፣ ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ በሚባለው ሰፈር አንዲት ባሏ የሞተባት አሮጊት የምትሸጠውን፣ መኝታ ቤቱም ወጥ ቤቱም ምድር ላይ የሆነ፣ ከደጁ አንድ ደረጃ ብቻ ያለው ትንሽ ቤት አገኘልን። ለተኪሮስ ያቺን አንድ ደረጃ የማንንም እጅ ሳትይዝ ወጥታ፣ ከመኝታ ቤት ወደ ወጥ ቤት፣ ከወጥ ቤት ወደ ጓሮ ብቻዋን ስትመላለስ አየኋት። ተመልሳ መኪናው ውስጥ ከተቀመጠች በኋላ መጋረጃው ቢጫ ይሁን አለች።

እኔ በሴንት ፖል መኪና ማቆሚያ፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተቀምጬ ቲኬት ስቀበል ከኖርሁባቸው ዓመታት የተረፈችንን ለመነሻው ክፍያ አዘጋጅተን፣ የቀረውን ባንክ ያበድረን ዘንድ ማመልከቻ አስገባን። ከሦስት ሳምንት በኋላ ብድሩ መከልከሉን የሚያስታውቅ የአንድ ገጽ ወረቀት መጣ፤ ምክንያቱም ያልተከፈለ የመኪና ዕዳ በስሜ መገኘቱ ነው ይላል። እኔ ደግሞ ያን ጉዳይ ቀደም ብዬ በክርክር የረታሁ ስለ መሰለኝ፣ የጸሐፊ ስሕተት ነው ብዬ፣ ወረቀቱን አጣጥፌ ወደ ኪዳኔ ዘንድ የሄድሁት ሳልጨነቅ ነበር።

እርሱ ግን ስልክ ሲደውል፣ ሲጠይቅ፣ ሲጽፍ ቆይቶ ፊቱ ጠቆረ።

«ጋሼ፣ ለማን ነው ኮሳይን ያደረጉት?» አለኝ።

አብረህ ፈርም ማለት ነው። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ አዲስ የመጣ ወጣት መኪና ሊገዛ ፈልጎ ሻጮቹ የሚፈርምለት ሰው አምጣ ቢሉት፣ እኔን ይዞኝ ሄደ፤ እናቱን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስለማውቃትና አንድም ቀን ፊት ነሥቻት ስለማላውቅ፣ እንቢ ማለት ከቶ በልቤ አልመጣም። ደሴ ዐውራጃ ፍርድ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት በመዝገብ ቤት ሹምነት ሳገለግል ምን ያህል የዋስትና ውል በእጄ እንደ ጻፍሁ ምስክሬ አንቺ ነሽ፤ እኔ በማውቀው ሥርዓት ባለዕዳው አስቀድሞ ተፈልጎ፣ ንብረቱ ተመርምሮ፣ ምንም ሲታጣ ነው ዋሱ የሚጠራው። ስለዚህ ወጣቱ መክፈሉን ትቶ ከዚህ ከተማ በሄደ ጊዜ የመኪናው ኩባንያ ለእኔ ቢጽፍልኝ፣ ሥርዓቱ ባለዕዳውን አስቀድሞ መጠየቅ መሆኑን ሦስት ጊዜ በጽሑፍ አስረዳኋቸው፤ ከሦስተኛው በኋላ ዝም ቢሉ፣ ክርክሬን የተቀበሉ መስሎኝ መዝገቡን ዘጋሁ። እነርሱ ለካ ዝም ያሉት መኪናዋን ከቆመችበት ጎትተው ወስደው፣ በርካሽ ሸጠው፣ የጎደለውን በስሜ አስመዝግበው ነው።

«እኔ ዋስ ነኝ እንጂ ባለዕዳ አይደለሁም» አልሁት።

«ዋስ የሚባል ነገር እዚህ አገር የለም፣ ጋሼ። ከፈረሙ የእርስዎ ነው።»

ዕዳውን አሁን ብከፍለውስ ብዬ ጠየቅሁት። ብከፍለው ለቤቱ ያዘጋጀነው እንደሚያልቅ፣ ባልከፍለውም ብከፍለውም ነውሩ በመዝገብ ሰባት ዓመት እንደሚቀመጥ ነገረኝ። እኔ ስድሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ለተኪሮስም ጉልበት ሰባት ዓመት የሚጠብቅ አይደለም። ያን ጊዜ ኪዳኔ በሩን ዘግቶ፣ ለክፋት ሳይሆን አዝኖልኝ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ፊርማው የእኔ አይደለም ብለው ፖሊስ ጋር ሪፖርት ያድርጉ። ክሬዲትዎ፣ የብድር ስምዎ፣ ይጸዳል። ልጁ ስለ ራሱ ያስብበት።»

ልጁ ግን በሐሰት ፊርማ ተከሶ እንደሚታሰር፣ ከታሰረም በኋላ ካገር እንደሚባረር ሁለታችንም እናውቃለን። ፊርማው የእኔ ነው፤ በራሴ ብዕር፣ በጥቁር ቀለም የፈረምሁት ነው። በሐሰት የመሰከሩ ሰዎች ሲፈረድባቸው መዝገቡን ሳገላብጥ የኖርሁ ሰው፣ በስተርጅናዬ የራሴን እጅ እንዴት እክዳለሁ? ደግሞስ ከካድሁ በኋላ ለእናቱ ምን ብዬ እጽፋለሁ?

ለተኪሮስ ይህን ሁሉ ስነግራት ምስር እየለቀመች ነበር፤ ለቅማ እስክትጨርስ ቀና አላለችም።

«ሳህሉ፣ ለሰው ሁሉ ዋስ ሆነህ ኖርህ» አለችኝ፤ «ዋስ ያጣው የእኔ ጉልበት ብቻ ነው።»

ባለፈው ሳምንት ቤቱን አዲስ የተጋቡ ወጣቶች እንደ ገዙት ኪዳኔ ነገረን። እኛም የፎቁን ኪራይ ለአንድ ዓመት አደስን፤ ምድር ቤት ያለውን እንዲሰጡን ብንለምን፣ ከፊታችን ዘጠኝ ሰው ተራ ይጠብቃል አሉን።

ስለ አለልኝ ደጋግመሽ ጠይቀሽኛል። ልጅሽ ሲያትል በሚባል ከተማ በጤና እንዳለ ከሰው ሰምቻለሁ፤ የማይጽፍልሽም ሥራ ስለሚበዛበት ነውና አትቀየሚው። በላከልሽ ፎቶግራፍ ላይ ተደግፏት የምትታየው መኪና አሁን ከእርሱ ጋር አይደለችም፤ እንኳንም አልሆነች፣ ወጣት ሲነዳ ያስፈራል። አድራሻውን ላኪልኝ ያልሽውን በተመለከተ፣ ቤት ስለሚለዋውጥ ደብዳቤሽን በእኔ በኩል አድርጊው፤ ያለፉትን ሁለቱንም በጥንቃቄ አስቀምጬለታለሁ። ተቀብለህ ለወግ አበቃህልኝ ብለሽ የጻፍሽውን ምስጋና ግን ከእንግዲህ አትጻፊብኝ፤ አይገባኝም።

ለተኪሮስ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ለሕክምና ይዘዋት ሲወጡ፣ ከገጹ ግርጌ አራት መስመር ተውልኝ፣ ለአስካለማርያም በገዛ እጄ የምነግራት አለኝ ብላ አሳስባኛለች። እኔ ግን ሳልመርቅሽ ደብዳቤ መዝጋት ስለማልችል፦ ዛሬ በዓሉ የሚታሰበው ሊቀ መላእክት ቅዱስ ሚካኤል በክንፉ ይጋርድሽ፤ ሌማትሽ አይጉደል፣ ማጀትሽ አይራቆት፣ ደጅሽን ክፉ አይርገጠው፤ ዓይንሽ እንባ፣ ጆሮሽ መርዶ አይልመድ፤ ልጅሽን በሄደበት መንገድ ሁሉ ጠባቂ ይዘዝለት፣ ያጠፋውን ሳይሆን የሚያቀናውን ዘመን ይቁጠርለት፣ ወደ አንቺም ፊቱ በርቶ፣ ቀና ብሎ፣ ማንም ሳይከሰውና ማንንም ሳይፈራ ይመልስልሽ፤ ለእኛም እንዳቅማችን፣ ወረቀቱም እነሆ የለተኪሮስን አራት መስመር ሳያስተርፍ አለቀ፤ ስሜን የምጽፈው በጠርዙ ላይ ነው፤

ታላቅ ወንድምሽ
ሳህሉ