የመቻል የክትባት ወረቀት

ደባርቅ፣ ነሐሴ 18 ቀን 2016 ዓ.ም.። ያመጣኸው ውሻ፣ መቻል፣ ዛሬ ጠዋት ለብቻው ታስሯል።

ይድረስ ለወንድሜ ለቴዎፍሎስ፤ እንደምን ሰነበትህ? መንገዱ እንዴት አደረገህ? ሐዋሳ በሰላም ገባህ? ባለቤትህ ትሕትና ደህና ናት? ሕፃኗ ጥርስ አወጣች? የግራ እጅህስ እንዴት ነው? ሌላው ሰላምታ ይቆየኝ፤ የመጨረሻውን ጥያቄ ግን ቁም ነገር ብለህ ያዘው።

እዚህ ኔትወርክ ከጠፋ ሳምንት ሆነ። ወደ ጎንደር የሚወርድ ሰው አግኝቻለሁ፤ ከዚያ ሆኖ ይደውልልሃል፣ ደብዳቤውንም ይልክልሃል። በሰው አፍ ስለማላምን ግን ጻፍሁት።

ትናንት፣ ጾሙ በተፈታ ማግስት፣ መቻል አፉን መግጠም አቃተው። መንጋጋው ተንጠልጥሎ ለሃጩ ይዝረከረካል፤ ውሃ ሳቀርብለት አፍንጫውን ይነክራል እንጂ አይውጥም። አሥራ አምስት ቀን አጥንት ያላየ ውሻ በፍስኩ ቢታነቅ ማን ይደንቀዋል? እኔ ግን ጎረቤታችንን ያርጋልን ጠረጠርሁ። መቻል ዶሮውን ከበላበት ወዲህ ዓይኑ አላማረኝም። ሄጄ «ምን አበላኸው?» አልሁት። «እቴ የሺ፣ የበጉን አጥንት ራሴ ግጬ ጨረስሁት፤ ዶሮ ለበላብኝ ውሻ ምን ይተርፈኛል?» አለኝ።

ባለቤቴ መሪጌታ ሀብተ ሚካኤል «አጥንት ነው» ብለው እጃቸውን እስከ ጉሮሮው ሰደዱ። አጥንት የለም። ጥርሱ ጣታቸውን ጫረው።

ዛሬ የእንስሳት ሐኪሙ ሚናስ መጣ። ራቅ ብሎ ቆሞ አየውና «አፉ ውስጥ እጁን የከተተ ሰው አለ?» አለ። መንጋጋው የወደቀ፣ መዋጥ ያቃተው፣ ድምፁ የሻከረ ውሻ በእብድ ውሻ በሽታ ይጠረጠራል፤ እብድ ውሻ ሁሉ እየሮጠ አይናከስም አለን። መሪጌታን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ አሥራ አምስት ደቂቃ አሳጠባቸው። እሳቸው «ጠበል ይበቃኛል» ቢሉ፣ «ጠበሉንም ይጠጡ፣ መርፌውንም ይወጉ የኔታ፤ አይጣሉም» አላቸው።

እኔም «የተከተበ ነው» ብዬ የሰጠኸኝን ወረቀት ከሣጥን አወጣሁ። ሚናስ አነበበና «ይህ የጥቁር ሴት ውሻ ነው» አለ። መቻል ወንድ ነው፤ መልኩም ዳማ ነው። ለካ እኔ ማኅተሙን እንጂ ጽሑፉን አላየሁም። የማን ወረቀት ነው? ያልተከተበ ውሻ ከግቢዬ አይገባም ስላልሁህ ነው አይደል?

ይህን ኋላ ትመልሳለህ። የሄድህ ዕለት እጅህን በመሐረብ ጠቅልለህ «ሽቦ ቧጨረኝ» ብለኸኛል። ሽቦ አይመስለኝም። ከቆሰልህ ዛሬ አራተኛ ቀንህ ነው። ሚናስ እንዳለው በሽታው ውሻው ላይ ሳይታይም ለሃጩ ውስጥ ይኖራል፤ ሰው ላይ ከታየ ግን መመለሻ የለውም። ቁስሉ ቢደርቅም ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሄደህ መርፌውን ጀምር፤ አንዱን ተወግተህ እንዳትቀር። እውነቱን ለእኔ ባትነግረኝ ለሐኪሙ ንገር።

ለትሕትና ሰላም በልልኝ። ይህንም ደብዳቤ አንብብላት፤ ካላነበብህላት እኔው እነግራታለሁ። ሕፃኗን…

መሪጌታ «ሐኪም ቤት ሄድሁ» ብለው ጋቢያቸውን ለብሰው አሁን ወጡ። በመስኮት አያቸዋለሁ። ሐኪም ቤቱ በስተግራ ነው፤ እሳቸው በስተቀኝ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ታጠፉ። ደብዳቤውን እንደያዝሁ ከኋላቸው እየወጣሁ ነው።

እኅትህ የሺወርቅ