የአያ ሙሄ ስድስት ጎራሽ

ረቡዕ

ሽጉጤ የለም። ቁም ሳጥኑ ላይ፣ ከሻንጣው ጀርባ ነበር የማስቀምጠው። ሻንጣው አለ፣ አቧራውም አለ፣ ሽጉጡ ግን የለም። ዘሃራን ጠየቅኋት። ሚስቴ ስትዋሽ የምትደብቀው እጇን ነው። እጇን ሻርፗ ውስጥ ከተተችና "እኔን ምን ትጠይቀኛለህ፣ እማየን ጠይቅ" አለች። እማየን አልጠየቅኋትም። ጀማል ከሞተ ወዲህ እማየ ከሰላምታ ሌላ ቃል አይወጣትም።

ለምን እንደደበቁት ይገባኛል። አልተናደድኩም። የሚያናድደኝ ነገር ከጠፋ ሰንብቷል።

አንድ ጊዜ ልጻፈውና ይውጣልኝ። ነገሩ የሆነው ጎብዬ ከተማ፣ የአክስታችን ልጅ ሰርግ ላይ ነው። እኛ ዘንድ እንግዳን ብረትህን ፍታ ማለት ነውር ነው፤ ያስፈቱት ሰው ተዋረደ ይባላል። በሌላ በኩል የሞቀው ሁሉ እየተነሳ እንዳይተኩስ ይፈራል። ስለዚህ ደጋሾቹ መላ አላቸው። በር ላይ አንድ ሰው ሰፌድ ይዞ ይቆማል። ወንዱ ሁሉ የሽጉጡን ካዝና ነቅሎ ሰፌዱ ላይ ያስቀምጣል፣ ሽጉጡን ወገቡ ላይ እንዳደረገ ይገባል። ክብሩ ከሰውየው ጋር፣ ጥይቱ ሰፌዱ ላይ። ሁላችንም ስናደርገው የኖርነው ነው፣ ማንም ክፉ ነገር አይቶበት አያውቅም።

የጀማል ጓደኛ ሰይድም ካዝናውን ሰጥቶ ገባ። አዲስ የገዛውን ቱርክ ሰራሽ ጠፍጣፋ ሽጉጥ አውጥቶ ለሰዉ ሲያሳይ "ባዶ ነው" አለና ቃታውን ነካው። ከቤቱ ሲወጣ አቀባብሎት ነበር። ካዝናው ቢነቀልም የጎረሰው አንዱ ጥይት እዚያው ውስጥ ቀርቷል። ጀማል ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ሥጋ እየቆረጠ ነበር።

ወንድሜ ነው። ታናሼ።

ሰይድን ፖሊስ ይዞት ነበር፣ በዋስ ወጥቷል። ነገሩ በእጅ ስህተት መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ግን እኛ አገር ደም በፖሊስ አይደርቅም። የዘወልድ ሽማግሌዎች፣ ደም የሚያስታርቁት፣ ሰኞን ቆርጠዋል። ቦታው ወደ ዋጃ መንገድ ካለው ግራር ሥር። አባታችን የለም፣ ታላቁ እኔ ነኝ። ይቅር ካልኩ ያበቃል። ካላልኩ ሰይድ አገር ጥሎ ይሄዳል፣ ወይም የሚሆነው ይሆናል። ሰዉ ሁሉ ፊቴን እያየ ነው። ፊቴ ላይ ምን እንዳለ እኔም አላውቅም።

ዛሬ ሱቅ ከፍቼ ዋልኩ። የፓምፕ ቺንጋ ሸጥኩ። ምሳ መጣ፣ አልበላሁም።

ሐሙስ

አያ ሙሄ መጣ። የአባቴ ወንድም ነው። በበሩ ሳይገባ "ሁሴን! አለህ ወይ?" ይላል ሁልጊዜ፣ እንደሌለሁ የተነገረው ይመስል። ተቀመጠ፣ ዱዓ አደረገ፣ ከዚያ ከጋቢው ሥር ያንን ነገር አውጥቶ ጭኔ ላይ አስቀመጠው።

ስድስት ጎራሹን፣ ያንን ባለ መዘውር የድሮ ሽጉጡን።

"አያ ሙሄ፣ ይህን ምን ላድርገው?"

"ትታጠቀዋለህ። ባዶ ወገብ ይዞ ዕርቅ የቀረበ ሰው ታረቀ አይባልም፣ ፈርቶ ነው ይባላል። ታጥቀህ ትሄዳለህ፣ እዚያ ትፈታዋለህ፣ ከዱዓ በኋላ መልሰህ ትታጠቀዋለህ። አባትህም እንዲያ ነው ያደረገ።"

ጥይቶቹን በመሐረብ ቋጥሮ ለብቻ ሰጠኝ። ስድስት ናቸው። ለዕርቅ ጥይት ምን ያደርጋል አልኩት። ጺሙን ነካካ። "ሳይኖርህ ይቅር ብትል የማን ይቅርታ ነው? ኖሮህ ተወው" አለ።

ዘሃራ ከጓዳ ሰምታ ኖሯል። እሱ እንደወጣ "እኛ እንደብቃለን፣ እሳቸው ተሸክመው ያመጣሉ! አላህ ያሳያችሁ!" ብላ ሳፋውን መሬት ላይ ወረወረችው። እውነቷን ነው። እኔ ግን ሳፋው እስኪረጋጋ ድረስ ሲንከባለል አየሁት።

ይህን ሽጉጥ ወድጄው አላውቅም። ሆዱ ያበጠ ነው። ወገብ ላይ አይተኛም። የሚጎርሰው ስድስት ብቻ። ቃታው ጣት ያደክማል። የሽማግሌ ዕቃ ነው፣ ኮፍያና ከዘራ አብሮ የሚፈልግ። ጀማልማ ስም አውጥቶለት ነበር፤ "ነፍሰ ጡሯ"። አያ ሙሄ ሲመጣ "ነፍሰ ጡሯ ደህና ናት ወይ?" ይለዋል፣ ሽማግሌውም "አልሐምዱሊላህ፣ ገና አልወለደችም" ይላል። እኔ እንደ ሰይድ ጠፍጣፋውን ነበር የምይዘው። ቀጭን ነው፣ በሸሚዝ ሥር አይታይም፣ መታጠቅህን ራሱ ትረሳዋለህ።

ዓርብ

ታጥቄው ወጣሁ። ባዶውን። ጥይቶቹ ከነመሐረቡ ኮት ኪሴ ውስጥ ነበሩ።

ባጃጅ ውስጥ ጎኔን ወጋኝ። ሱቅ ስቀመጥ ወጋኝ። ጎንበስ ስል ወጋኝ። ጁምዓ ከመሄዴ በፊት ለዘሃራ ሰጥቼ ሄድኩ፣ በሁለት ጣቷ ነው የተቀበለችኝ፣ የሞተ አይጥ እንደሰጠኋት።

መስጊድ የሰይድ አባት ነበሩ። ከኋላ ሰልፍ ጥግ ላይ። ጀማልን ልጅ ሳለ ጭነው ቁርዓን ቤት የወሰዱት እሳቸው ነበሩ፣ ከልጃቸው ጋር፣ በአንድ አህያ። ሲያዩኝ ዓይናቸውን ሰበሩ። አጠገባቸው አለፍኩ። ሰላም አላልኩም። ሰላም አለማለቴም ምንም አልተሰማኝም።

ከሰዓት መልሼ ታጥቄው ሻይ ቤት ስገባ ልጆቹ ሲያዩት ሳቁ። "የቱን ባንክ ልትጠብቅ ነው ሁሴን?" "የሽሮ ማሰሮ ነው እንዴ የታጠቅኸው?" አንደኛው ድንገት ለምን እንደታጠቅሁት ትዝ አለው። ወሬው ወደ ሽንኩርት ዋጋ ዞረ። ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

አንድ ነገር ግን ልጻፍ። ቀኑን ሙሉ መታጠቄን አንድ ጊዜም አልረሳሁም። አስረስቶኝ አያውቅም፣ ይወጋኛል።

ቅዳሜ

ጠዋት ማሳ ሄድኩ። ሽንኩርቱ ውሃ ጠግቧል። ማሽላው ታጭዷል፣ አገዳው ገና አልተነሳም። ጀማል ያቆመው የወፍ ማስፈራሪያ አለ፣ የኔን አሮጌ ካፖርት አልብሶት። ሳየው አለቅሳለሁ ብዬ ጠበቅሁ። አላለቀስኩም። ካፖርቱ ያሳሳል፣ ላውልቀው ወይ ብዬ ነው ያሰብኩት።

ደረቁ ወንዝ ወርጄ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ሽጉጡን አወጣሁ። መዘውሩን ወደ ጎን ስገፋው ተከፈተ። ስድስት ቀዳዳ። ወደ ፀሐይ አነሳሁት። በስድስቱም ሰማይ ይታያል።

ብዙ ሰዓት ሳየው ቆየሁ። ጠፍጣፋው እንዲህ አያሳይም። በጠፍጣፋው ባዶ መሆኑን ማስታወስ አለብህ። አቀባብዬ ነበር ወይስ አላቀባበልኩም፣ ትናንት ነበር ወይስ ዛሬ፣ እያልክ። በዚህ ዕቃ የምታስታውሰው የለም፣ ከፍተህ ታያለህ። ሰይድ ይህን ይዞ ቢሆን ኖሮ ብዬ ጀመርኩና ተውኩት። ቢሆን ኖሮ የሚባል ነገር አይበላም።

ከዚያ መሐረቡን ፈታሁ። ስድስቱንም አጎረስኩ። ለምን? ክብደቱን ላየው ብዬ ነው። እንዲህ ብዬ እጽፋለሁ እንጂ እውነቱ፣ ሰኞ ምን እንደማደርግ ማወቅ ፈልጌ ነበር። ማዶ ያለውን ነጭ ድንጋይ ሰይድ ነው አልኩት። አነጣጠርኩ። ቃታውን መሳብ ጀመርኩ።

የጠፍጣፋው ቃታ ሲነካ ያልቃል። ይህ አያልቅም። ትስባለህ፣ መዘውሩ ቀስ እያለ ሲዞር ታየዋለህ፣ ገና ነው፣ አሁንም ትስባለህ። መሐል ላይ ሰይድ ትዝ አለኝ። ጀማልን አቅፎ "ባዶ ነው ብየ፣ ወላሂ ባዶ ነው ብየ" ሲል። በሁለት እጁ ደሙን ወደ ውስጥ ሊመልሰው ሲሞክር። ጣቴን አላላሁ። ቃታው በቀስታ ወደ ቦታው ተመለሰ። ድንጋዩም እዚያው አለ።

ቁጭ አልኩ። ከዚያ አንድ ገበሬ አገዳ ለከብት ልውሰድ ወይ ብሎ ከላይ ጠራኝ። ሽጉጡን ወገቤ ላይ ባለው ማህደር ከትቼ ወጣሁ። አገዳውን አብረን ጫንን። ሲመሽ ቤት ገብቼ ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀመጥኩት።

እሑድ



ጠዋት እማየ ክፍሌ መጣች። በር ላይ ቆመች፣ አልገባችም። ካፏ ሙሉ ቃል ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነው።

"ነገ ሰይድን ትገድለዋለህ?"

እንዲህ በግልጽ የጠየቀኝ የለም። ሁሉም "አብሽር፣ አላህ ያውቃል" ነው የሚለኝ። "አላውቅም እማየ" አልኳት።

"እኔ ሁለት ልጅ ነው የወለድኩ። አንዱን አፈር በላው። አንዱን ደግሞ ደም ይዞት እንዲሄድ አልፈልግም።" ከዚያ ቁም ሳጥኑን በአገጯ አሳየችኝ። "ያ ዕቃ ጥይት አለበት?"

"የለበትም፣ ባዶ ነው።"

ቃሉ ካፌ ሲወጣ ፊቷ ተለወጠ። እኔ ምን እንዳልኩ አልገባኝም ነበር። እሷ ግን ደረቷን በእጇ ሸፈነች፣ ልክ አፈሙዙ ወደ እሷ እንደዞረባት። "እሱም እንዲያ ነው ያለ" አለች።

ልቤ ተቆጣ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። እኔን ከሰይድ ጋር! ላሳያት ብድግ አልኩ፣ አወረድኩት፣ ፊቷ መዘውሩን ከፈትኩት።

ስድስት የጥይት ቂጥ። ቢጫ፣ የሚያብረቀርቅ። በአንዱም ሰማይ አይታይም።

ትናንት ወንዙ ላይ ያጎረስኳቸው ናቸው። ገበሬው ጠራኝ፣ ከተትኩት፣ አገዳ ጫንኩ፣ አላወጣኋቸውም። ቀኑን ሙሉ፣ ሌሊቱን ሙሉ፣ በኔ ልብ ባዶ ነበር። ወላሂ ባዶ ነበር። በአላህ ስም ማል ቢሉኝ እምል ነበር።

አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። እማየ አልጮኸችም። ገብታ አጠገቤ ተቀመጠች። ጥይቶቹን አንድ በአንድ አውጥቼ መዳፏ ላይ አስቀመጥኩ። መዳፏን ዘጋችው።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። የሰይድ ወለምታ ወንድሜን ገደለ። የኔ ወለምታ እናቴ ፊት ተከፍቶ ታየ። በመካከላችን ያለው ልዩነት ይኸው ዕቃ ብቻ ነው፣ ስንስቅበት የኖርነው። ነፍሰ ጡሯ። ጀማል ቢሰማ ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር።

ሰኞ

እማየ እሄዳለሁ አለች። ሽማግሌዎቹ ሴት በዕርቁ ቦታ አትቀርብም፣ ዳር ትቀመጥ አሉ። ዳር ተቀመጠች።

ሰይድ መጣ። ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ። ከስቷል። ሸሚዙ የሌላ ሰው ይመስላል። አባቱና አጎቶቹ ከኋላው። መሬት ላይ ጋቢ ተነጥፎ ነበር፣ ብረት የሚቀመጥበት።

ትልቁ ሽማግሌ "ብረታችሁን አስቀምጡ፣ ባዶ ይሁን" አሉ። የሰይድ አጎት ጠፍጣፋ ሽጉጡን አወጣ፣ ካዝናውን ነቀለ፣ አፉን ከፈተ። ቃሉን ሊለው ነበር። አልቻለም። ግራሩ ሥር የነበረው ሰው ሁሉ ያንን ቃል ጠበቀ፣ ማንም ሊሰማው አልፈለገም። ሰውየው ሽጉጡን እንደያዘ ቀረ።

እኔ ተነሳሁ። መዘውሩን ከፍቼ ወደ ላይ አነሳሁት።

እማየ ዳር ከተቀመጠችበት ተነሳች። አንድ ሽማግሌ "አንቺ ሴትዮ" ሊል ሲል አያ ሙሄ ክንዱን ያዘው። መጥታ ፊቴ ቆመች፣ ሽጉጡን ዝቅ አደረገችው፣ ከዚያ ትንሿን ጣቷን በመጀመሪያው ቀዳዳ ከተተች። አወጣች። በሁለተኛው ከተተች። እንዲህ እያለች ስድስቱንም ዳሰሰች። ከዚያ ወደ ሰይድ ዞረች።

"ና፣ አንተም እይ።"

ሰይድ ድንጋዩን እንደተሸከመ በጉልበቱ መጣ። ጣቱን አነሳ፣ ግን ቀዳዳውን ሳተ። እማየ እጁን ይዛ አስገባችለት።

"ይቅር ብያለሁ" አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ነበር። ሽጉጡን ጋቢው ላይ አስቀምጬ ድንጋዩን ከአንገቱ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ከባድ ነው። አሚን፣ አሚን ሲባል ሰማሁ። ከዚያ ሽጉጤን አንስቼ ታጠቅሁ። ጎኔን ወጋኝ።

ቀለለኝ ልበል? አልቀለለኝም። ጀማል አልተመለሰም። ሰይድን መንገድ ላይ ሳገኘው ምን እንደምለው አላውቅም። ግን ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ራበኝ። ዘሃራ ያቀረበችውን ሁሉ በላሁ፣ ጨምሪ አልኳት። ማዕዱ ላይ ወጡን እየጨመረች አለቀሰች።

የደበቁብኝን ጠፍጣፋ ከማሽላ ጆንያ ውስጥ አውጥታ ሰጠችኝ። ፈትቼ፣ የጎረሰ እንደሌለ ሁለት ጊዜ አይቼ፣ ለአያ ሙሄ ሰጠሁት። "ወስደህ ሽጥልኝ፣ ይህ እኔ ዘንድ ይቆይ" አልኩት። "ነፍሰ ጡሯን ወደድካት?" አለ። ጠፍጣፋውን ጋቢው ሥር ከተተው።

አሁን ኢሻ ሰግደናል። ይህን ስጽፍ እማየ ከክፍሏ ጠራችኝ። ጥይቶቹ ትራሷ ሥር ናቸው፣ ሁለታችንም እናውቃለን።

"ሁሴን።"

"ወዬ እማየ።"

"አምጣና አሳየኝ።"

ወስጄ ከፈትኩላት። በመብራቱ ፊት ያዝኩት፣ ስድስቱንም ቆጠረች፣ እሺ አለች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ነገም የምትጠይቀኝ ይመስለኛል። ከፍቼ አሳያታለሁ።