በሸክላ ኩባያ ያስተማሩን ሲስተር ሱልጣና ኢርሻድ ዐረፉ

በመቱ የሶር የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች ማሠልጠኛ መምህርት የነበሩት ሲስተር ሱልጣና ኢርሻድ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥቅምት 11 ቀን 2016 ዓ.ም. በስድሳ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ሐዘናችን ከባድ ነው፤ በክፍላቸው በር ባለፍን ቁጥር ዛሬም ድምፃቸውን እንጠብቃለን።

ሲስተር ሱልጣና ከነጋዴ ቤተሰብ መቱ ተወልደው በኡካና በዳሪሙ በነርስነት ለአሥራ አራት ዓመታት አገልግለዋል። ከገበሬው ጋር በኦሮምኛ፣ ከጽሕፈት ቤቱ ጋር በአማርኛ፣ ሚስቱን ከሚመታ ጋር ደግሞ በቁጣ መነጋገር ይችሉበት ነበር።

በ1997 ዓ.ም. ወደ ማሠልጠኛችን መጡ። ስለ መድኃኒቱማ መጽሐፉም ይናገራል፤ እሳቸው ያስተማሩን መጽሐፉ የዘለለውን ነው።

በ2001 ዓ.ም. ያደረጉት እስከ ዛሬ ያስደንቀናል። ሸክላ ሠሪዋ እናት ኢብሴ ልጃቸው ከሞተ ወዲህ እንቅልፍ አጥተው፣ ከዳሪሙ መጥተው በልምምድ ክሊኒካችን ተኝተው ነበር። ያኔ ሠልጣኝ የነበሩት አቶ መክብብ ዳምጤ ካርዳቸው ላይ «ሰው ትሸሻለች፤ ከሰው ጋር አትበላም፤ በሰው ዕቃ አትጠጣም» ብለው ጻፉ። በዚህ ጽሑፍ ብቻ ሕመማቸው ከባድ ነው ተብሎ፣ ከቀሩት ልጆቻቸው ተለይተው ሩቅ ወዳለ የአእምሮ ሆስፒታል ሊላኩ ተወሰነ። መኪናውም በር ላይ ቆሞ ነበር።

ሲስተር ሱልጣና ካርዱን አነበቡና «መክብብ፣ የኔ ልጅ፣ ለመሆኑ አብሯት የበላ ሰው አለ? አንተስ እሷ በጠጣችበት ትጠጣለህ?» አሏቸው። ሸክላ ሠሪ ከደፍ እንዳያልፍ፣ የጠጣበትም ዕቃ ለብቻው እንዲቀመጥ እያየን ነው ሁላችን ያደግነው። እናት ኢብሴም ከሰው የሸሹት ሰው ሳይገፋቸው ቀድመው ለመራቅ ነበር። ሲስተር ሱልጣና ውሃ ቀድተው ሰጧቸው፤ የተረፈውን ራሳቸው ጠጡት። መኪናው ባዶውን ተመለሰ። እናት ኢብሴም ስለ ልጃቸው ሲናገሩ የሚያዳምጣቸው ሰው አግኝተው፣ አልቅሰው፣ በሳምንቱ ቤታቸው ገቡ።

በዓመቱ እናት ኢብሴ በእጃቸው የሠሩትን ኩባያ ይዘው መጡ። ከዚያ ወዲህ የየዓመቱ ትምህርት የሚከፈተው በእሱ ነው፤ ውሃ ይቀዳል፣ ከእጅ እጅ ይዞራል። ሲስተር ሱልጣና ሳይጠጣ ያሳለፈውን አይቆጡም፤ «እጅህ ለምን እንደዘገየ ጻፍልኝ» ይሉታል እንጂ። ከአራት መቶ በላይ ባለሙያዎች የሰውን ካርድ ከመሙላታቸው በፊት የራሳቸውን እጅ ማየት የተማሩት እንዲህ ነው። ይገርማል! አንዲት ኩባያ ናት እኮ።

በለቅሶው ዕለት እናት ኢብሴን ከድንኳኑ ውጭ ተቀምጠው አገኘናቸው። የሟች እህት ወይዘሮ ሁስና ወጥተው «ኮታ፣ ይግቡ! ሱልጣና ብታይዎ እኔን ነበር የምትቆጣው» ብለው እጃቸውን ይዘው ከጎናቸው አስቀመጧቸው።

ለእህታቸው ለወይዘሮ ሁስና፣ ለልጆቻቸው፣ ለባልደረቦቻቸውና በየጤና ጣቢያው ላሉት ተማሪዎቻቸው፣ እንደ ቤተሰብም ለእናት ኢብሴ አላህ ጽናቱን ይስጥ፤ ለሲስተር ሱልጣናም ጀነትን ይወፍቅልን።

ሰኞ አዲስ ሠልጣኞች ይገባሉ። ኩባያው ይዞራል። መጀመሪያ የሚጠጡት ያኔ ያንን ካርድ የጻፉት፣ ዛሬ የማሠልጠኛችን ኃላፊ የሆኑት አቶ መክብብ ናቸው፤ ይህም እንዲጻፍ ያዘዙት ራሳቸው ናቸው።