በቀይ ሳጥን ውስጥ ያሉ እንሰቶች

ሰኞ ግንቦት 4፣ ጠ. 2፡30

ምስል 612። ሳጥን፣ ሳጥን፣ አሁንም ሳጥን። ደብተሬ፣ ዛሬም ቀኔን በማውስ ጀመርኩልህ። በድሮን ከላይ የተነሳ የእንሰት ማሳ ይከፈታል፤ እያንዳንዱ ተክል በሳጥን ይከበባል። ጤነኛው አረንጓዴ፣ የታመመው ቀይ። ሳጥን የምናስቀምጥበት የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነፃ ነው፤ ኢንተርኔትም አይለምንም። ኮምፒዩተር ከነዚህ ሳጥኖች ተምሮ ወደፊት የእንሰት አጠውልግ በሽታን ብቻውን ይለያል ይላሉ። እስቲ እናያለን።

አራት ልጆች ሳጥኑን ያስቀምጣሉ፣ እኔ አርማለሁ። ሠላሳ ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬ ጡረታ ብወጣም እርማት አልለቀቀኝም። አስተባባሪው ሙሉጌታ (ከእንግዲህ ሙ.) የድሮ ተማሪዬ ነው፤ ከነጡረታዬ ፈልጎ ያመጣኝ እሱ። መመሪያውን የጻፍኩት ግን እኔ ነኝ። አንድ ገጽ፣ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ፍሬ ነገሩ፦ የመሐል ቅጠሉ ጠውልጎ ከታየ፣ ቀይ። ከመጽሐፍ የወጣ ነው።

ሙ. ዛሬ አዲስ ነገር ነገረን። ቀዩ ሳጥን ለኮምፒዩተሩ ትምህርት ብቻ አይደለም። ምስሎቹ የተነሱበትን ቦታ መዝግበው ይይዛሉና ቀይ የበዛባቸው ማሳዎች ዝርዝር ወደ ወረዳው ይሄዳል፤ በሽታው እንዳይዛመት ተክሉ ተነቅሎ ይቀበራል። ሥራው የሦስት ቀበሌ ነው፤ በዶርዜ በኩል ያለው የመጀመሪያው ቀበሌ ዝርዝር ዓርብ ይወጣል። ጠቅላላው ሥራ ሐሙስ ግንቦት 14 ያልቃል። ልጆቹ በሰዓቱ ካስረከቡ ቀጣዩ የማንጎ ምስል ሥራ የእነሱ ነው። ካላስረከቡ ወደየቤታቸው። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ይሠራል።

ማክሰኞ ግንቦት 5፣ ከሰ. 9፡00

አማረች አናደደችኝ። ከአራቱ ቀርፋፋዋ እሷ ናት። ዳዊት መቶ ምስል ሲጨርስ እሷ አርባ ላይ ናት። ያው አርባውም ትክክል አይደለም፤ የመሐል ቅጠሉ ቁልጭ ብሎ የጠወለገውን አረንጓዴ ታደርገዋለች። ሁሉንም መለስኩላት። መመሪያውን እንድታነብ ነገርኳት። አንብቤዋለሁ አለች፤ ሌላ ነገር አልጨመረችም። ዓይኗን ስክሪኑ ላይ ተክላ አረንጓዴውን አንድ በአንድ ወደ ቀይ መለወጥ ጀመረች።

የደጋ ልጅ ናት። እናቷ እዚያው ላይ እንሰት አላቸው። እና የእንሰት ቤት ልጅ ስለሆነች ከእኔ የበለጠ ታውቃለች ማለት ነው? እንዲህ ብዬ አሰብኩ፤ አልደብቅህም።

ሐሙስ ግንቦት 7፣ ጠ. 4፡15

መብራት ጠፋ። የፕሮግራሙ በራሱ የማስቀመጥ ምልክት ጠፍቶ ኖሮ የዳዊት የጠዋት ሥራ በሙሉ ውሃ በላው። ልጁ ጠረጴዛውን በቡጢ መታ። እኔ ባትሪ ያለው ላፕቶፕ ላይ ያረምኳቸውን መገላበጥ ጀመርኩ። ምነው መገላበጥ ባልጀመርኩ ኖሮ።

ምስል 188። አንድ ማሳ፣ ሃያ ስድስት ቀይ። ቁመታቸው እኩል። ሦስት ቀጥ ያሉ ረድፎች፣ በእርምጃ የተለካ በሚመስል ርቀት። ሁሉም ቅጠላቸው አጭር፣ የመሐሉ ዘንበል ያለ። ቀጣዩ ማሳም እንደዚያው፣ የሚቀጥለውም። በሽታ እንዲህ ተሰልፎ ይመጣል? አንዱን ይዞ፣ ሁለቱን ዘልሎ፣ ጥግ ላይ ሌላ ይይዛል እንጂ። ይህንን ለሠላሳ ዓመት አስተምሬዋለሁ።

አማረችን ጠራኋትና ማሳውን አሳየኋት። ትኩር ብላ አየችው። ምንድን ነው አልኳት፤ አስረዳችኝ። እንሰት ከትንሹ ቦታ ወደ ትልቁ ሲዛወር ቅጠሉ ይቆረጣል፣ ሥሩ ይከረከማል፤ አዲሱ አፈር ላይ ለሳምንታት የሞተ መስሎ ይቆማል፤ ዝናብ ሲጠግብ ይነሣል። ድሮኑ የበረረው በመጋቢት፣ ሰዉ ሁሉ በሚያዛውርበት ሰሞን።

ለምን አልነገርሽኝም አልኳት። ድምፄ ከፍ ሳይል አልቀረም።

"በሥልጠናው ቀን እጄን አወጣሁ ጋሼ። 'ወረቀቱን ተከተዪ' አሉኝ።"

ብያለሁ። ትዝ ይለኛል፤ ጊዜ አታባክኚብን ብዬም ጨምሬአለሁ። ከጎጃም መጥቼ ዕድሜዬን እዚህ ፈጀሁ፤ ቆጮ እበላለሁ፤ እንሰት ሲዛወር ግን አንድ ቀን ቆሜ አላየሁም። የማውቀው ከመኪና መስኮትና ከመጽሐፍ ነው።

ዓርብ ግንቦት 8፣ ከሰ. 10፡30

ፈረምኩ።

ሙ. የመጀመሪያውን ቀበሌ ዝርዝር ይዞ መጣ። የአራሚ ፊርማ ያስፈልጋል፣ መኪናው ወደ ወረዳ ሊወጣ ነው አለ። በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። ጥርጣሬ አለኝ ልለው አፌ ላይ ደረሰ። አንዲት ልጅ በነገረችኝ ብቻ? በዓይኔ ሳላይ? መመሪያዬ ስህተት ነው ብዬ ለተማሪዬ? እጄ ፈረመች። አማረች ከጀርባዬ ነበረች፤ አይታኛለች። ቦርሳዋን አንሥታ ደህና ያምሹ ሳትል ወጣች።

እፈራለሁ ደብተሬ። የምፈራውም ትክክለኛዋ እሷ እንዳትሆን ነው። ምን ዓይነት ሰው ነው እንዲህ የሚፈራው?

ቅዳሜ ግንቦት 9፣ ከሰ. 11፡00

ጠዋት ለአማረች ደወልኩ፤ እናትሽ ጋ ውሰጂኝ አልኳት። እሺ ለማለት ጊዜ ወሰደባት። በሚኒባስ ወጣን። ከመንገዱ ጥምዝምዝ በላይ ጭጋግ ነው፤ ሹራብ አልያዝኩም፣ ጥርሴ እየተንገጫገጨ ነው የደረስኩት።

እናትየው አማርኛ ብዙ አይችሉም፤ አማረች ታስተረጉማለች። ላፕቶፑን ከፍቼ ምስል 188ን አሳየሁ። ሴትየዋ አጎንብሰው አዩ። በጣታቸው ምስሉ ላይ የቤታቸውን ጣሪያ ነኩ፣ ከዚያ አጥሩን፣ ከዚያ ረድፎቹን። ማሳው የራሳቸው ነው! አማረችን ቀና ብዬ አየኋት፤ ሐሙስ ዕለት ታውቅ ነበር። የእናቴ ነው ብል ለእናቷ አደላች እባላለሁ ብላ ነው ያልነገረችኝ።

እናትየው አንድ ነገር ጠየቁ። አማረች አላስተረጎመችውም። ምን አሉ አልኳት። ደጋግሜ ጠየቅኳት።

"'ሞተዋል ያለው ማነው?' ነው የምትለው።"

እኔ ነኝ በያቸው አልኳት። አስተረጎመች። ሴትየዋ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ክንዴን ይዘው ወደ ማሳው ወሰዱኝ። ሃያ ስድስቱም ቆመዋል፤ ከመሐላቸው አዲስ ቅጠል ተጠቅልሎ ወጥቷል፣ ክንድ የሚያህል፣ አረንጓዴ። በሽታ እንዳያጋባ ቢላዋቸውን ይዘውት በመጡት ፍም ላይ አገላብጠው የአንዱን ቅጠል ግርጌ ቆረጡ፤ ጥርት ያለ ውሃ። ቀጥለው ወደ ጎረቤት አጥር ወሰዱኝ። እዚያ አንድ ትልቅ እንሰት አለ፤ ሰፊ፣ ያማረ፣ ከመሐል ቅጠሉ ጫፍ ብቻ ትንሽ ቢጫ ያለበት። ቢላዋውን እንደገና በእሳት አሳልፈው ግርጌውን ሲቆርጡት ቢጫ ዝልግልግ ነገር ተንጠባጠበ። ይኸ ነው አሉ። ይኸን ከነሥሩ አውጥተው ሊቀብሩት ነበር፤ ለዚህ ማንም አያስፈልጋቸውም።

ያንን እንሰት ምስሉ ላይ ፈለግኩት። በራሴ እጅ ያጸደቅኩት አረንጓዴ ሳጥን ውስጥ ነው። አፈርኩ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

ሰኞ ግንቦት 11፣ ጠ. 3፡00

ሁሉንም ለሙ. ነገርኩት። በትዕግሥት ሰማኝ፤ እኔ ያስተማርኩት ትዕግሥት ነው። ከዚያ አስረዳኝ። ዝርዝሩ ወጥቷል። ነቀላው ረቡዕ ይጀመራል፤ ሰው ተመድቧል። መልሱልን ካልን የሦስቱም ቀበሌ ሥራ ጥርጣሬ ላይ ይወድቃል፣ የማንጎውም ሥራ ለሌላ ይሰጣል፣ ልጆቹም ይበተናሉ። በሁለተኛው ዙር እናርመዋለን ይላል። ትንሽ ስህተት የትም አለ ይላል።

ሁለተኛ ዙር የተነቀለ እንሰት አይተክልም አልኩት። ያ ተክል ለመድረስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ታውቃለህ አልኩት። ያውቃል። እናቱም የእንሰት ማሳ ነበራቸው። ይህን ሲለኝ ዓይኑን ከእኔ ዘወር አደረገ፤ ያን ጊዜ አዘንኩለት።

ማክሰኞ ግንቦት 12፣ ከሰ. 8፡00

አራቱንም ሰበሰብኳቸው። መመሪያዬን ከግድግዳው ላይ ገነጠልኩና የሆነውን ነገርኳቸው። ለወረዳው ደብዳቤ ልጽፍ እንደሆነና የማንጎው ሥራ ሊቀር እንደሚችል አልደበቅኳቸውም። ሁለቱ ወለሉን አዩ። ዳዊት ግን ተነሣ። ፈጣኑ እሱ ነው፤ በማንጎው ሥራ እህቱን ኮሌጅ ሊያስገባ አስቧል።

"እርስዎ ጡረታ አለዎት ጋሼ። ስህተቱ የእርስዎ፣ የምንባረረው እኛ።"

እውነትህን ነው ብቻ አልኩት። ወጥቶ ሄደ። አማረች የማሳዎቹን ምስል ከመጀመሪያው ከፈተችና ሳጥኖቹን መለወጥ ጀመረች። እሷም የምታጣው ያንኑ ነው። ወንበሬን ስቤ ጎኗ ተቀመጥኩ። እሷ ትጠቁማለች፣ እኔ እለውጣለሁ። አንዱ ላይ ሳመነታ አዲሱን ቅጠል ፈልግ አለችኝ፤ "ፈልግ" አለችኝ፣ ወዲያው ደንግጣ "ይፈልጉ" ብላ አረመች። ግድ የለም አልኳት።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ዳዊት ተመለሰ። እኔን ሳያይ ላፕቶፑን ከፈተና የትኛውን ፎልደር ልያዝ ብሎ አማረችን ጠየቃት።

ደብዳቤው አጭር ነው። ዝርዝሩ ስህተት ነው፤ ስህተቱ የፕሮግራሙም የሠራተኞቹም አይደለም፤ መመሪያውን የጻፍኩት፣ ያጸደቅኩት፣ ተነግሮኝም የፈረምኩት እኔ ነኝ። ስም፣ ፊርማ። "ተነግሮኝም" የምትለዋን ቃል ሦስት ጊዜ ሰረዝኩ፣ ሦስት ጊዜ መለስኳት። ሙ. አነበበው። ማህተም አልሰጥም አለ፤ ግን ደብዳቤውን አልቀማኝም።

ረቡዕ ግንቦት 13፣ ጠ. 3፡20

ከማሳ ዳር ቆሜ ነው የምጽፈው፤ እጄ ጭቃ ነው። በመጀመሪያው ሚኒባስ ከአማረች ጋር መጣን። ደብዳቤውን መጀመሪያ ወረዳው ጋ ሰጠሁ፤ ኃላፊው ገና አልገባም አሉኝ። አልጠበቅኩም፣ ቅጂውን ይዤ ወጣሁ።

ዘግይተናል። ከአማረች እናት ጎረቤት ማሳ ዘጠኝ እንሰት ተነቅሏል፣ ጉድጓዱ ተቆፍሯል። ነቀላውን የሚመራው የልማት ሠራተኛ ወጣት ነው፤ ዝርዝሩን አሳየኝ። ከግርጌው የእኔ ፊርማ። ደብዳቤውን ሰጠሁት። ሁለቱን ፊርማ አስተያየ፣ እኔን አየ። የትኛውን ልመን አለኝ። ሁለተኛውን አልኩት፣ የመጀመሪያውን ሳላይ ነው የፈረምኩት። አማረች ከተነቀሉት የአንዱን ቅጠል ግርጌ ቆርጣ አሳየችው። ጥርት ያለ ውሃ። መቆፈሩን አስቆመ። አሁን ጉብታው ላይ ወጥቶ ወደ ወረዳው እየደወለ ነው፤ ኔትወርክ ይቆራረጥበታል፤ እስከዚህ የሚሰማኝ ድምፁ ነው፣ ቃሉ አይደለም።

የማሳው ባለቤት፣ ጎረቤትየዋ፣ ግን መልስ አልጠበቁም። ከጉድጓዱ አንዱን ጎትተው አወጡ፤ ሥሩ አልተበጠሰም፤ የድሮ ቦታውን በእጃቸው እየጫሩ ነው። ከዘጠኙ አምስቱ ይመለሳሉ አለች አማረች፤ አራቱ ግን አለቀላቸው። ሴትየዋ ቀና ብለው እኔን እየጠሩ ነው።

"አንተ፣ ና ያዝ። ቀጥ አርገህ ያዝ፣ አፈር ልሙላ።"

እየሄድኩ ነው።