የቀረችኝ ኮርስ

አዳማ፣ መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለሊዲ አባት፣ ለጋዲሳ፤

እንደምን ከረምክ? የላንጋኖ ሙቀትና የሆቴሉ ጄኔሬተር እንዴት ይዘውሃል? እኔና ሊዲ ደህና ነን። በስልክ ሲሆን በሰላምታ ጀምረን በጭቅጭቅ ስለምንጨርሰው፣ ይህን ጽፌ በፉፋ ሚኒባስ ልኬልሃለሁ። ፖስታውን በፕላስተር አሽጌዋለሁ፤ ፉፋ ቢከፍተውም የሚያስቀው ነገር አያገኝበትም።

ዋናውን ልንገርህና ልገላገል። ሐምሌ ላይ አልመረቅም። ሱፍ ለብሰህ እንደምትመጣ ለሊዲ ቃል ገብተህላት ነበር፤ እሷም ለሰፈሩ ሁሉ አውርታ ጨርሳለች። በከንቱ ፈቃድ እንዳትጠይቅ ብዬ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ የመጨረሻውን ሴሚስተር ኮርሶች ልናስጸድቅ አማካሪያችን ዶክተር ሰይፈሚካኤል ቢሮ ተሰለፍን። ውጤቴን በጣታቸው እየተከተሉ ወረዱና አንድ ቦታ ላይ ቆሙ።

«ፊዚካል ኬሚስትሪ ሁለትን አልፈሻል። አንድ የታለ?» አሉኝ።

አንድ የለም። አምና ሳቋርጠው፣ የሁላችንንም የምዝገባ ቅጽ ሰብስቦ የሚሞላው የክፍላችን ተወካይ ጆቴ በሚቀጥለው ሴሚስተር ከሌሎቹ ጋር ሁለትን ሞላልኝ። ሁለትን ያለፈ አንድን አይጠየቅም አለኝ። ደስ የሚል ነገር ስለሆነ አመንኩት። በእሱ አልፈርድም፣ ለእኔ አስቦ ነው። አሁን ግን ኮርሱ በዓመት አንዴ፣ በመጀመሪያው ሴሚስተር ብቻ ስለሚሰጥ እስከ ጥቅምት መጠበቅ አለብኝ። ምረቃው ለከርሞ ሐምሌ ተላለፈ ማለት ነው።

ሊዲ የኮርስ ዝርዝሬን ብፌው ላይ ለጥፋ ያለቀውን በቀይ እስክሪብቶ ስትሰርዝ ነበር። «ይቺስ?» እያለች ስትጠይቀኝ «እሷ ተትታለች» እላት ነበር። ልጅ ያየውን እኔ መምህሯ አላየሁም።

ደክሞኛል ጋዲሳ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ስምንተኛ ክፍል ሳስተምር፣ ቅዳሜና እሁድ ስማር ስድስት ዓመት ሞላኝ። የተማሪዎቼን ደብተር እያረምኩ እንቅልፍ ይጥለኛል። ዶክተሩ ቢሮ ግን አላለቀስኩም፤ ያለቀስኩት ባጃጅ ውስጥ ነው።

ዶክተሩ ያን ኮርስ ለምን እንዳቋረጥኩ ጠየቁኝ። «እናቴ ታማብኝ ነበር» አልኳቸው።

የእኔን እናት ከቀበርን ሃያ ዓመት ማለፉን ታውቃለህ። ያልኩት አዴ ዲንቄን ነው፣ ያንተን እናት። አንተ ዱከም ፋብሪካ ፈረቃ ስትገባ ቅዳሜ ቅዳሜ ሆስፒታል አልጋዋ ሥር የምውለው ክፍል ስላልነበረኝ አልነበረም። ክፍል ነበረኝ። እሷ «ሂጂ ተማሪ» እያለች ስታባርረኝ መምህሩ ቀርቷል እላት ነበር። ለአንተም ያንኑ ነገርኩህ። እሷ ካረፈች በኋላ «ከደብተርሽ የሚበልጥብሽ ሰው የለም» ብለህ ሻንጣህን ስታነሳ ልነግርህ እችል ነበር። የሠራሁትን መቁጠር መስሎኝ አፌን ያዝኩ። ተናድጄም ነበር፣ አልዋሽህም። ሰው አብሮት የኖረውን ሰው እንዴት አያውቅም ብዬ።

ዶክተሩ አዲስ እቅድ አወጡልኝ። በዚህ ሴሚስተር ሁለት ኮርስ ብቻ ነው ያለኝ፤ ሁለቱም እሁድ ጠዋት። ሊዲ አሮጌውን ወረቀት አንስታ አዲሱን ብፌው ላይ ለጥፋለች። በሠንጠረዡ ላይ የቅዳሜው ሳጥን ባዶ ነው። «እማ፣ እዚህ ውስጥ ምን ልጻፍ?» አለችኝ። «ትንሽ ቆዪ» አልኳት።

ከጄኔሬተሩ ጋር ስትታገል እጅህን ተጠንቀቅ፤ ሐይቁ ዳር ያለው ብርድም ሲመሽ ይከፋልና ሹራብ ልበስ። ፈጣሪ ከክፉ ይጠብቅህ፤ የአዴ ዲንቄንም ነፍስ በገነት ያኑርልን።

የሊዲ እናት፣
ሮማነወርቅ

ሳልረሳው፦ ፉፋ የሚመጣው ዓርብ ከሰዓት ወደ አዳማ ሲመለስ ጋቢናው ሰው እንደማይኖረው ነግሮኛል።