የእህቴ ሐዘን በእኔ ፎቶ ሥር

ለዩኒቨርሲቲው የብሔረሰቦች፣ የዓለም አቀፍና የሰብዓዊ መብቶች ጥናት ማዕከል ዳይሬክተር

ቀን፦ ሰኔ 12

ጉዳዩ፦ ፎቶዬ ከመግቢያው እንዲወርድና ታሪኩ ለባለታሪኳ እንዲመለስ ስለመጠየቅ

ክቡርነትዎ፣

እኔ አመልካች ከማዕከላችሁ አጥር ጀርባ የምኖር ልብስ ሰፊ፣ የልጅ ልጅ ያየሁ አሮጊት ነኝ። ፊደል ብዙ ስላልቆጠርኩ የሚጽፍልኝ ማመልከቻ ጸሐፊው ነው። «እማማ፣ ያሳጥሩት» ይለኛል፤ ማሳጠር የማውቀው ሱሪ ነው።

1. አምና ሁለት ተመራማሪዎችዎ መቅረጫ ይዘው ታናሽ እህቴ ቤት መጡ። ባሏ ሹፌር ነበር። ሰው በዘሩ እየተለየ ሲለቀም ከመናኸሪያ ወሰዱት፣ በዚያው ቀረ። ይህን ስትጠየቅ ቶሎ አትመልስም። እኔን ደግሞ ዝም ማለት ያንቀኛል። እሷ ወለል ወለሉን ስታይ እኔ አወራሁላት፦ የወጣበትን ጠዋት፣ ሳይጨርሰው የሄደውን ሻይ፣ ስንቅ ይዛ ከእስር ቤት እስር ቤት መንከራተቷን። የእሷ ታሪክ ነው ብዬ ነው የነገርኳቸው፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሲወጡ ግን ፎቶ ያነሱት እኔን ነው፤ እሷ ፊቷን በእጇ ሸፍና ነበር።

2. ዘንድሮ የማዕከሉ አዲስ ሕንፃ ሲመረቅ ተጠርተን ሄድን። መግቢያው ላይ ግድግዳ የሚያህል ፎቶ ተሰቅሏል፤ እኔ ነኝ። ከሥሩ «ባሏን የተነጠቀች እናት» ይላል፣ የሻዩም ነገር በእኔ አፍ ተጽፏል። ክቡርነትዎ፣ ባሌ ቤት ነው ያለው። ሻዩን ይጨርሳል፣ ያስደግማል፣ ስኳር አነሰው ብሎ ይነጫነጫል። የድሮ የሥራ ባልደረባው ፎቶውን አይቶ ሊያስተዛዝነኝ ቢመጣ በር የከፈተለት ሟቹ ራሱ ነው።

3. በዚህስ ስቀናል። የማያስቀው የእህቴ ነገር ነው። ፎቶው ፊት ቆማ አነበበችና «የቀረኝ ሐዘኔ ነበር፤ እሱንም አንቺ ለበስሽው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ በር አትከፍትልኝም። የሰፋሁላትን ጥቁር ቀሚስ እንኳ በጎረቤት እጅ መለሰችልኝ።

4. ቢሯችሁ ተመላልሼ እግሬ ቀጠነ። ጸሐፊዋ ሁልጊዜ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ትላለች። አንደኛው ተመራማሪ «እማማ፣ ፎቶው እኮ ወካይ ነው» አለኝ። ልጄ፣ ባል በውክልና ይሞታል እንዴ? ይኸው ታሪክና ፎቶ የወጣበት የማዕከሉ መጽሐፍም ስለታተመ በሚቀጥለው እትም ይታያል ተባልኩ። እኔና እህቴ በዚህ ዕድሜያችን ለሚቀጥለው እትም እንደምንደርስ ማን ዋስ ሆነ? መብት የምታጠኑት እናንተ ናችሁ። የሰው ነገር ወስዶ ለሌላ መስጠት ምን እንደሚባል ግን ሳያጠናም የሚያውቅ አለ።

ስለዚህ ፎቶዬ ዛሬ ነገ ሳይባል እንዲወርድልኝ፣ በእጃችሁ ባሉት መጻሕፍት ላይ ማረሚያ ወረቀት እንዲለጠፍ፣ እህቴም ቤቷ ድረስ ተሄዶ ይቅርታ እንድትጠየቅና ታሪኳ እንዴት እንዲጻፍ እንደምትፈልግ እሷው እንድትጠየቅ በትሕትና አመለክታለሁ። ቶሎ አትመልስም፤ ታገሷት። እኔን ግን ይዛችሁኝ አትሂዱ። ካለሁ እናገራለሁ።

መልሳችሁን በር በሩን እያየሁ እጠብቃለሁ፣
ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ልብስ ሰፊዋ፣ የባለታሪኳ ታላቅ እህት